ለሰናይት፣ ስለ መንጃ ፈቃድሽ

ይድረስ ለእህቴ ለሰናይት፤

እንደምን ከርመሻል? እማማስ ደኅና ናቸው? ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ ቆየን። መንጃ ፈቃድ ማግኘትሽን የነገረችኝ ታናሽ እህትሽ ናት። አንቺ ሊድስ፣ እኔ ለንደን፣ የምሥራቹ ግን በአዲስ አበባ ዞሮ ደረሰኝ! ብቻዬን እልል አልሁ። በዝናብ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየቀየርሽ አረጋውያንን ቤት ለቤት ስትንከባከቢ ስለኖርሽ፣ መኪናው ምን ያህል እንደሚያሳርፍሽ ይገባኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የቀኑ ተራሽ፣ የቤቶቹ አድራሻ፣ የአለቃሽ ጥሪ፣ ሁሉም ያለው ስልክሽ ውስጥ ነው። የዚህ አገር ሕግ ደግሞ ለአዲስ ነጂ አይራራም። እየነዳ ስልክ በእጁ ይዞ ሲጠቀም የተገኘ ሰው 200 ፓውንድ ይከፍላል፤ 6 የቅጣት ነጥብም ፈቃዱ ላይ ይመዘገብበታል። ነባሩ ነጂ በዚህ ብቻ ፈቃዱን አያጣም። ፈተናውን ካለፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ግን በዚያችው አንድ ጥፋት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደገና ይፈተናል። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነበር ማለት አያድንም።

ክልከላው የተጀመረው በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ያኔ ግን መነጋገርንና መልእክት መለዋወጥን ነበር የሚመለከተው። አንድ ሰው እየነዳ የመንገድ አደጋ በስልኩ ሲቀርጽ ተይዞ ተከሰሰ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ2019 ሕጉ ይህን አይከለክልም ብሎ ወሰነ። ቀዳዳው የተደፈነው ማርች 25 ቀን 2022 ነው። ዛሬ ፎቶ ማንሳትም፣ ዘፈን መምረጥም፣ ሰዓት ለማየት ማያውን ማብራትም ስልኩ እጅ ላይ ካለ ያስቀጣል።

ዘፈን መምረጥ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ኦገስት 2016 ኤ34 በተባለው መንገድ ላይ አንድ የከባድ መኪና ነጂ ስልኩ ላይ ሙዚቃ ሲመርጥ፣ ከፊቱ የተጨናነቁትን መኪናዎች ገጭቶ አንዲት እናትና ሦስት ልጆችን ገደለ። አሥር ዓመት ተፈረደበት። ልጆቹን ሳስብ ፍርዱ ያንስብኛል። ከ2022 ወዲህ በአደገኛ አነዳድ ሰው የገደለ እስከ ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ይችላል፤ ተገቢ ነው እላለሁ።

ስልኩን ሳይነኩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ መነጋገር ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር አልስማማም። የፓርላማው የትራንስፖርት ኮሚቴም በ2019 ይህን መከልከል እንዲታሰብበት መንግሥትን ጠይቆ ነበር፤ እስካሁን አልተከለከለም። የእኛን ኑሮ አስቢው። ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ሰላምታ ይሁን መርዶ በምን ይታወቃል? «እናትሽ ታመዋል» የሚል ድምፅ በሰባ ማይል ፍጥነት መሐል ቢመጣብሽ፣ እጆችሽ መሪው ላይ መሆናቸው ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ እባክሽ፣ አድራሻውን ሳትነሺ አስገቢ፤ ስልኩን እይታሽን በማይጋርድበት ማስቀመጫ ላይ አድርገሽ ድምፁን ዝጊው። በጉዞ ላይ ጥሪ እንደማትመልሺ ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ። መኪናው እየሄደ ሳለ ሕጉ ስልክን በእጅ መያዝን የሚፈቅደው መቆም አደገኛ ሲሆንና ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 999 መደወል ግድ ሲል ነው።

ለእማማም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ እንዳይደነግጡ። እኔም የምደውልልሽ ማታ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ነው። ስንት ሰዓት እንደምትገቢ ጻፊልኝ።

የምትናፍቅሽ፣
ብርቱካን