ለጎንደር የአዘዞ–ፒያሳ ታክሲ ተመላላሽ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ትናንት ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አዘዞ ላይ ተሰልፈን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። ከፊቴ የቆሙ እናት የሐኪም ቤት ቀጠሮ ወረቀታቸውን አጥፈው እንደያዙ፣ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። በመጨረሻ የመጣው ሚኒባስ ትርፍ ሰው አጭቆ ጫነንና ፒያሳ ሳይደርስ ማራኪ ላይ «መጨረሻው እዚህ ነው» ብሎ አወረደን። እናቲቱ ደግመው የሚከፍሉት አልነበራቸውም፤ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ባቡር በሌለባት ጎንደር በብዛት የምንጠቀመው ታክሲና ባጃጅ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ሾፌሮቹ መቸገራቸውን እንረዳለን፤ መንገድ ማቆራረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የገጠማችሁን ከሰሌዳ ቁጥር፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ስጡኝ። ሰኞ አቤቱታውን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ እገባለሁ፤ ሁለት ሰው አብሮኝ ይሂድ።