ፎቁ ሲጨመር ሰርቪስ ተከራዩን አትርሱት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፕላንና ልማት ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከገርጂ ነው።

ፎቅ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ከተማችን ወደ ጎን እየሰፋች የገበሬውን ማሳ ስትበላ ኖራለች፤ ወደ ላይ መውጣቷ ግድ ነው። ጥያቄዬ አወጣጧ ላይ ነው።

ጂ ፕላስ 2፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ፣ በሚፈቀድበት ሰፈር ጂ ፕላስ 9 ሲፈቀድ መጀመሪያ የሚወደደው ቦታው ነው። አንድ ብሎኬት ሳይደረደር ደላላው ካሬውን በአዲሱ ፎቅ ልክ ያሰላዋል። ፈቃዱ ለጥቂት ጎዳናዎች ብቻ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አልሚው ሁሉ እዚያው ይሻማል። መካከለኛ ፎቅ በብዙ ሰፈር ቢፈቀድ ባለቦታው እንዲህ አይኮራም።

የእኛ ሰፈር ቪላ ደግሞ አንድ ቤት እንዳይመስላችሁ። ጓሮው ሰርቪስ ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉ የሚከራዩ ክፍሎች ማለቴ ነው። ጥበቃው፣ አስተናጋጇ፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ሥራ የጀመረው አዲስ ተመራቂ የሚኖሩት እዚያ ነው። የይዞታ ካርታው ላይ ግን የሉም። ቪላው ሲፈርስ ባለይዞታው ከአልሚው ጋር ተዋውሎ አፓርታማ ይደርሰዋል፣ ደግ አደረገ። ለሰርቪስ ተከራዮቹ ምን ይደርሳቸዋል? በቦታው የሚቆመው ባለ ሦስት መኝታ ነው። በቁጥር ቤት ጨመረ፤ እነሱ የሚችሉት ቤት ግን ጠፋ። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ጭማሪን ይገታል። የፈረሰ ቤት ግን ምን ኪራይ አለው?

ትራፊኩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሁሉም ዓይን ያለው የአዲሶቹ ነዋሪዎች መኪና ላይ ነው። እውነት ነው፣ ሁለት መኪና በጭንቅ በሚተላለፍበት ኮብልስቶን ላይ ያን ሁሉ አባወራ መጨመር ጣጣ አለው። ለመኪና ማቆሚያ የተፈቀደው ቤዝመንት መጋዘን ወይም ሱቅ ሲሆን መኪናው መንገድ ላይ ያድራል። ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። የማይወራለት ሰርቪሱ የፈረሰበት ጥበቃ ነው። ትናንት በእግሩ ሥራ ይገባ ነበር። ዛሬ ለገጣፎ ተከራይቶ በጠዋቱ መገናኛ ታክሲ ይጋፋል። እግረኛውን እኛው ተሳፋሪ አደረግነው።

እንግዲህ ፎቅ ስትጨምሩ ከአዲሶቹ ቤቶች የተወሰኑት ስቱዲዮ እንዲሆኑ አስገድዱ። ረጃጅሙን ሕንፃ ባቡሩና አውቶቡሱ በሚያልፍባቸው ሰፋፊ መንገዶች ዳር አድርጉት፤ ውስጥ ለውስጡን ጂ ፕላስ 4 ይበቃዋል። ቤዝመንቱ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ይፈተሽ። የሰፈር ፕላን ሲቀየር ደግሞ ስንት ወለል እንደተፈቀደ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን፤ ከደላላ መስማት ሰልችቶናል።

ለውይይት ስትጠሩንም ባለካርታውን ብቻ አትጥሩ። ሰርቪስ ተከራዩም ይምጣ። ሰዓቱን ግን ከሥራ መልስ አድርጉት፤ ቅዳሜ ጠዋት አብዛኞቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የገርጂ ነዋሪ