ዝፈኚ አላልኩሽም፣ ንገሪኝ ነው ያልኩት

አዳማ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። በመሠረተ ትምህርት ያን ያህል ለፍተሽ ያወቅሽውን ንባብ ለጎረቤት ልጅ እንዳታስረክቢ።

ባለፈው በስልክ የጠየቅኩሽን ሳትጨርሺልኝ ዘጋሽው። "እኔ ቆርቤ፣ በዚህ እድሜዬ ዘፈን ልበል?" አልሽ። ገባኝ፤ የንስሐ አባትሽ ምን እንደሚሉም አውቃለሁ። ግን እማዬ፣ ዝፈኚ አላልኩሽም። ንገሪኝ ነው ያልኩት። ሌሊት እህል ስትፈጪ የድንጋይ ወፍጮው ላይ ትይው የነበረውን እንጉርጉሮ፣ ቃሉን ብቻ፣ ያለ ዜማ። በማን ላይ እንደተባለ፣ ለምን እንደተባለ ጨምሪበት። ይህ ኃጢአት ከሆነማ ቡና ላይ የምታወሩት ሁሉ ጉድ ፈላበት።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሰርግ ነው። እዚህ ሰፈራችን አንዲት ልጅ ተዳረች። ዘፋኙ ኪቦርዱን ይዞ መጣ፤ ድምፁ ሸጋ ነው፣ ሰውም ጨፈረ፣ እኔም ጨፈርኩ። ግን የሚለው ሁሉ ለየትኛዋም ሙሽራ ይሆናል። ስሟን በወረቀት አቀበሉት፣ እዚያው ቦታው ላይ ሰካው፣ አለቀ። አባቷ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ እንዳረጀ፣ እናቷ እንጀራ እየሸጠች እንዳስተማረቻት አንድ ስንኝ አልተነገረም። አዝማሪ ቢሆን ኖሮ እንግዳው "ተቀበል!" እያለ ግጥም ይሰጠዋል፣ የቤቱ ታሪክ እዚያው ሌሊቱን ይወጣ ነበር። ዛሬ በየስልኩ የማየው "ባህላዊ" የሚባለውም ልብሱ ነጭ፣ ሜዳው አረንጓዴ፣ እስክስታው ጥሩ ነው። ሰው ግን የለበትም።

የአንቺ እንጉርጉሮ ሰው ነበረበት። ይቺን እስካሁን አልረሳኋትም፦

ዱቄት አነሰ አለች አማቴ ተኝታ፤
እጄን መች አየችው ቆስሎ ሲያድር ማታ።

አያቴ እኮ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ትሰማሽ ነበር! በንግግር ብትይው ሽማግሌ የሚያስጠራ ነገር ነው። ወፍጮ ላይ ስለሆነ ግን ማንም አይጠይቅሽም፤ "የወፍጮ ነው" ትያለሽ፣ ይታለፋል። በማግስቱ የምትፈጪው እህል ቁናው እንደሚቀንስልሽ ትዝ ይለኛል። ወይስ የልጅነት ሐሳቤ ነው? እሱንም ንገሪኝ።

ሁለተኛዋ ደግሞ የወንዝ ማዶዋ ሴትዮ ናት፤ ባሏ ወንጂ አገዳ ቆረጣ ሄዶ የቀረባት፦

ስኳሩ ይቅርብኝ ጨው ይበቃኛል፤
ቆራጩን መልሱልኝ እሱ ይሻለኛል።

ልጅ ሆኜ ወንጂ ባሕር ማዶ ያለ አገር ይመስለኝ ነበር። አሁን እዚሁ ከአዳማ አጠገብ ነው፣ በታክሲ ደርሶ መምጣት ነው። ፋብሪካውን ሆላንዶች ናቸው የተከሉት፤ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ሱሪ ሊያሳጥሩ ስፌት ቤቴ መጡ። ጥርሳቸው ቡናማ ነው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ በልጅነቱ የጠጣውን ሰው ጥርስ እንዲያ ያደርጋል። እዚያው ወንጂ ተወልደው ቆራጭ ሆነው ኖረዋል። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ይቃጠላል አሉኝ፣ ቅጠሉ እንዲራገፍ። ከዚያ ቆንጨራ ይዘው ጥላሸቱ ውስጥ ይገባሉ። ማታ ሲወጡ ነጭ የሚቀረው ዓይናቸው ብቻ ነው።

"ከመንዝ የመጣ ሰው ነበር?" አልኳቸው።

"ከየት ያልመጣ አለ ብለሽ ነው? ሳይመለስ የቀረውም ብዙ ነው። ባዶ እጁን እንዴት አገሩ ይግባ?"

እማዬ፣ ያን ጊዜ መርፌውን አስቀመጥኩት። ባልየው ከሃዲ ነው ብለን ነበር እኮ። ዘፈኑ የሚስትየዋን ወገን ነገረን እንጂ የሱ ወገን አልደረሰንም። እሱ ምናልባት ለመሳፈሪያና ለአንዲት ጥለት ነጠላ የሚሆን ገንዘብ ሲያጠራቅም ዓመቱ አልፎበት ይሆናል። ሴትዮዋ ኋላ ምን ሆነች? አገባች?

ስለ ሦስተኛዋ በስልክ ለመጠየቅ አፍሬ ነው። የአጎቴ ናት። በ1969 ሚሊሺያ ሲጠራ ታጠቅ ጦር ሰፈር ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ለሶማሌው ጦርነት ሄደ። "ወንድሜ ዘመተ ባናውን ለብሶ" ትይና ታቆሚያለሽ። ሁለተኛውን ስንኝ አንድም ቀን አልሰማሁትም። መጁን ጠበቅ አድርገሽ ትገፊያለሽ፣ ድንጋዩ ብቻ ይጮኻል። ስንኙ ነበረው? ወይስ ገና አልገጠምሽውም ነበር? መናገር ከከበደሽ እለፊው፣ አላስገድድሽም።

የዲዝል ወፍጮ ቤት ሲመጣ እጅሽ ዳነ፣ እንጉርጉሮውም እዚያው ቆመ። ድሮ ይመለስ የምል እንዳይመስልሽ፤ በዚያ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለሽ ያነጋሽውን ሌሊት ለጠላቴም አልመኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ድሮ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት በነበረው ሙዚየም፣ መሰንቆውና በገናው ተቀምጦ አይቻለሁ። የዘፋኙና የገጣሚው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅም ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሸክላ ላይ ተቀርጿል። ደግ ነው። ሌሊት ስትፈጪ ያልሽውን ግን ከእኔና ከአያቴ በቀር የሰማው የለም፤ አያቴም አርፋለች። "የሴት ጉርምርምታ ምን ይሠራል" ስትይ የምናደደው ለዚህ ነው።

የእትዬ ልጅ ለጥቅምት ሚካኤል አገር ቤት ይመጣል። ድምፅሽን እንዲቀዳልኝ ስልኩን አጠገብሽ አስቀምጦ ዝም ይላል፣ አትፈሪው። እሱ ደብተርም ይዟል፤ ያልገባውን ቃል ይጠይቅሽ፣ የከተማ ልጅ ነው፣ ቁናና መጅ አያውቅም። ስድብ ያለበትን እንዳትዘይ። በተለይ ያቺን በጭቃ ሹሙ ላይ የተባለችውን፤ ሰውየው ሞቷል፣ ልጆቹም እዚያ የሉም። የንስሐ አባትሽን ከፈለግሽ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። እሳቸውም የወፍጮ ልጅ ናቸው፣ እናታቸው ምን ትል እንደነበር ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ያንንም ያዢልኝ።

ቡናና የዓይን መድኃኒትሽን በእሱ ልኬያለሁ። ጠብታው ጠዋትና ማታ ነው፣ እንዳትረሺ።

ናፋቂ ልጅሽ