ያለ ሶዳ ኩፍ ያለ ፓንኬክ፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የሳይንስ ክበብ ምን ሠራ ብላችሁ ማንኛውንም ተማሪ ብትጠይቁ፣ «ፓንኬክ ሲጋግሩ ከረሙ» ይላችኋል። ልክ ነው። መስከረም ላይ ባስገባነው ዕቅድ የውሃ ማጣሪያም ሳሙናም ነበረበት። ማጣሪያው ተሠርቶ ቤተ ሙከራ ተቀምጧል፣ ሳሙናው ለከርሞ ተዛውሯል። የቀረው ረቡዕ ሁሉ የፓንኬክ ነበር።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ጥቅምት ላይ ስለ አሲድና ቤዝ ስንማር፣ ኬክን የሚነፋው ሶዳና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው አልኳቸው። በሳምንቱ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዱቄት፣ ስኳርና መጥበሻ ይዞ መጣ። ሶዳውን ከየት ሊያገኝ እንዳሰበ የገባኝ ዐይኑ ወደ መደርደሪያችን ሲሄድ ነው። «ቲቸር፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት ያው ሶዳ አይደል?» ያው ነው፤ ግን ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ የወጣ ነገር አይበላም። ለምግብ ተብሎ አልተዘጋጀም፣ ጠርሙሱ ውስጥም የማን ማንኪያ እንደገባ አይታወቅም።

በሳምንቱ ከሱቅ ገዝቶ መጣና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ገለበጠበት። ሎሚ የለ፣ እርጎ የለ። ፓንኬኩ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ የቀመሰ ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። «ሳሙና ሳሙና ይላል!» አሉ። ልክ ናቸው፤ አሲድ ያላገኘ ሶዳ ሲሞቅ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል፣ ጣዕሙም የሳሙና ነው። ያን ቀን ሶዳ በክበባችን ታገደ። ከዚህ በኋላ ያለ ሶዳ ኩፍ የሚል ፓንኬክ አምጡ አልኳቸው። ቅጣት መስሏቸው ነበር።

መጀመሪያ የሞከሩት እንቁላል ነው። ነጩን ከአስኳሉ ለይተው፣ ማሽን ስለሌለን በሹካ እየተፈራረቁ መቱት። የአስኳል ጠብታ የገባበት ሳህን ግማሽ ሰዓት ቢመታም አረፋ አልያዘም፤ ቅባት አረፋን ያፈርሳል። ሌላው ሳህን በረዶ መሰለ። ግን እጅግ አጥብቀው ስለመቱት መጥበሻው ላይ ተነፍቶ ተነፍቶ ጭብጥ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቴርሞሜትር ከትተን ስናይ ውሃው የፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ አረፋው ከቆላ ይልቅ እዚህ አብዝቶ ይለጠጣል፣ ሊጡ ሳይበስልለትም ይፈርሳል። ስለዚህ የአረፋው ጫፍ ጎንበስ ማለት ሲጀምር መምታቱን ማቆም፣ ከዚያ ከሊጡ ጋር ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ ቀስ ብሎ መቀላቀል። ይህን ካወቅን በኋላ የወጣው ፓንኬክ ግሩም ነበር።

ችግሩ የክበባችን ቀን ረቡዕ መሆኑ ነው። ግማሹ አባል ጦመኛ፤ እንቁላሉን እየመታ ለሌላው ያቀርባል። ይባስ ብሎ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ተከተለ። ስለዚህ ሶዳም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ሊጥ ያስፈልገን ጀመር። ዓመቱን ያጣፈጠው ይህ ነው።

አንዷ ተማሪ በአምቦ ውሃ እናቡካው አለች። አረፋው በመጀመሪያው ፓንኬክ ላይ ሠራ፣ ለአራተኛው ሲደርስ ጋዙ በኖ አልቆ ቂጣ ሆነ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቦ፣ «ባይካርቦኔት አለበት፣ ሕግ ጥሳችኋል» ብሎ ተሟገተ። እኔ ዳኝነቱን እስካሁን አልሰጠሁም።

የተሳካልን የዳቦ እርሾ ነው። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ውሃው ወደ ሁለት ኩባያ ይጠጋል፣ ሊጡ ከማንኪያ ላይ ወፈር ብሎ እስኪወርድ ድረስ። ውሃው ለብ ያለ፣ 38 ዲግሪ ገደማ ይሁን። አንዱ ቡድን ለሻይ የፈላ ውሃ አፍስሶበት እርሾውን ገደለው፤ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው የሞተ ሊጥ ጠበቁ። ደህነኛው ሊጥ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ነካ። በረመዳን ሙስሊም አባሎቻችን ድርሻቸውን በፌስታል ቋጥረው ለኢፍጣር ይወስዱ ነበር። ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ ይሆናል ብለው የነገሩን እነሱ ናቸው። መጥበሻ ላይ ከድኖ ማሞቅ ያለሰልሰዋል።

የመምህራን ክበብ ምግብ አብሳይዋ፣ ልጆቹ እትዬ የሚሏት፣ አንድ ቀን ብቅ ብላ አየችን። ያን ዕለት ሁለት ጠርሙስ አቁመናል፤ በአንዱ ሶዳና ሎሚ፣ በሌላው ከእሷው የተለመነ የጤፍ ሊጥ። ከሁለቱም ቱቦ ወጥቶ የኖራ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ የኖራ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ይነጣል። የሶዳው ወዲያው አነጣው። የሊጡ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ቆይቶ እሱም ወተት አስመሰለው። ልጆቹ አጨበጨቡ። እትዬ ግን፣ «ይህን ሁሉ ጎማ ቀጥላችሁ ያገኛችሁት ሊጥ ኩፍ እንደሚል ነው?» አለች። ከዚያ ጭልፋውን ከእጃቸው ወስዳ አንድ ፓንኬክ አፈሰሰች። አንዱ ሊገለብጥ ሲቸኩል እጁን ያዘችው፦ «ቆይ፣ ዐይኑ ይውጣ!» ዐይኑ ወጣ፣ ጠርዙም ደረቅ አለ፤ ያኔ ገለበጠችው። እስከዚያ ቀን ስንቱን ጥሬውን ገልብጠናል።

በሰኔው የወላጆች ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መጋቢት ላይ አንድ ሰዓት የበቃው ሊጥ በሰኔ ብርድና ዝናብም አንድ ሰዓት ይበቃዋል ብዬ አሰላሁ። አልበቃውም። ወላጆች ተሰልፈው ሊጡ ተኝቷል። ልጆቹ ድስቱን በጋቢ ጠቅልለው ምድጃ አጠገብ አስቀመጡት፣ አንዷም የኖራ ውሃውን ሙከራ እያሳየች ሰልፉን አቆየችው። የመጀመሪያው ፓንኬክ የቀረበው ከአንድ ሰዓት ተኩል መዘግየት በኋላ ነው፤ በማር ቀርቦ ግን አንድም አልተረፈም።

23 ሆነን ጀምረን 19 ሆነን ጨርሰናል። ለከርሞ አንድ ወፍራም መጥበሻና ሁለት ቴርሞሜትር ጠይቀናል። በነገራችን ላይ ያ ጋቢ አሁንም ቤተ ሙከራ ነው ያለው፤ ታጥቧል፣ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ።