በጥር የሚገዛ ሶላር በሐምሌ ልክ ይሰላ

ክቡር አዘጋጅ፣

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ገበያ በሚወጣበት ሰሞን ሶላርም አብሮ ይሸጣል። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ገበያ ወጥቶ ፓኔል ይዞ የሚመለሰው ብዙ ነው። ይግዛ፣ ክፋት የለውም። ነገር ግን በጥር ፀሐይ ሱቅ በር ላይ አምፖሉን ቦግ ያደረገው ፓኔል በሐምሌ ጉም ምን እንደሚሰጥ ሻጩ አይናገርም፣ ገዢውም አይጠይቅም። ስለ ሶላር የሚወጡ ጽሑፎችም ጥቅሙን እንጂ ስሌቱን አይነኩም። በተከላና በጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን ከስሌቱ መጀመር እንመርጣለን።

ቆጣሪ ያለው ቤት የወር ሒሳብ ለመቀነስ ብሎ ፓኔል ባይገዛ ይሻለዋል። ታሪፉ ፍጆታው ዝቅ ላለ ደንበኛ ይረክሳል፤ ሒሳቡን የሚያንረውም አምፖልና ቴሌቪዥን ሳይሆን ምጣድ ነው። ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ያን የሚሸከም ባትሪና ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኮረንቲ ወደ ቤት መስመር ኮረንቲ የሚቀይር ዕቃ፣ ለአንድ ቤት እንጀራ መግዛት አያዋጣም። የከተማው ሰው ችግር መብራት መጥፋቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቀድሞ የሚያስፈልገው ባትሪና ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር ነው። መብራት ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል፣ ሲጠፋ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑንና ዋይፋዩን ይይዛል። ፓኔል ቆይቶ ሊጨመርበት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ከመስመር ጋር ብቻ እንዲሠራ የተሠራ፣ ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር ፀሐይ እያለም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ብልሽት አይደለም። መስመሩን የሚጠግነው ሠራተኛ በኮረንቲ እንዳይመታ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

መስመር ያልደረሰበት የመንዝና የመርሐ ቤቴ ገጠር ነገሩ ሌላ ነው። ከኩራዝና ከባትሪ ድንጋይ ለመገላገል ሶላር ይግባ፤ የሚቀረው ጥያቄ ምን ያህል የሚለው ነው።

አራት ባለ 7 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ሲበራ 140 ዋት-ሰዓት ይበላል። ባለ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 200፣ ሪሲቨሩ 50፣ ሦስት ስልክ 30፤ ድምሩ 420። በኢንቨርተር፣ በባትሪና በሽቦ የሚባክነውን ለመሸፈን 420ን ለ0.7 ማካፈል ነው፤ 600 ይመጣል። በበጋ ደጋው ላይ በቀን 5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ፣ ማለትም ፓኔሉ የተጻፈበትን ዋት የሚሰጥበት ሰዓት፣ ቢታሰብ አያሳስትም። ለሐምሌና ለነሐሴ፣ በተለይ ጉም በማይለቀው በጣርማ በር አካባቢ፣ ከ3 ሰዓት በላይ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። 600ው ለፀሐዩ ሰዓት ሲካፈል በበጋው ስሌት 110 ዋት ይበቃል፣ በክረምቱ 200 ዋት ያስፈልጋል። 110 የገዛው ሰው ክረምት ላይ ገና እራት ሳይቀርብ ይጨልምበትና ባትሪውን ይራገማል። ባትሪውም እውነትም ይበላሻል፤ የአሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሳምንታት ሲቆይ ሳህኖቹ ሰልፌት ይይዛቸውና ተመልሶ አይነሳም።

የባትሪው መጠን ፀሐይ የሌለባቸውን ሁለት ቀናት ይሸከም፤ ይህም 420 በ2 ተባዝቶ 840 ዋት-ሰዓት ነው። የ12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ይዣለሁ ቢልም ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ እንደ 600 ይቆጠር። የዚያው ልክ ሊቲየም 1,280 ይዞ 80 በመቶውን፣ ማለትም 1,024ን፣ ሳይጎዳ ይሰጣል። ይወደዳል፤ ቢሆንም አቅም ያለው እሱን ይምረጥ። ከ0 ዲግሪ በታች ግን ሊቲየም መሞላት ስለሌለበት ውርጭ በሚወርድበት አገር ደጅ ወይም ጎተራ ሥር አይቀመጥ። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ማታ ማታ እየተራገፈ እንዲያበራ አልተሠራም።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ፓኔልና ኮንትሮለር፣ ማለትም ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ዕቃ፣ ሳይጣጣሙ ሲቀር ነው። ባለ 60 ሴሉ የ300 ዋት ፓኔል የሚያመነጨው በ32 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ነው። ርካሹ ኮንትሮለር፣ ፒደብሊውኤም የሚባለው፣ ቮልቱን ወደ አምፒር አይቀይርም፤ ያንኑ 9 አምፒር በባትሪው 13 ቮልት ያስገባል። 9 በ13 ሲባዛ 120 እንኳ አይሞላም። ከ180 ዋት በላይ ተከፍሎበት ጣሪያ ላይ ይቀራል። ወይ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር የሚቀይረውን ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር መግዛት፣ ወይ ለ12 ቮልት የተሠራውን ባለ 36 ሴል ፓኔል መውሰድ ነው። ኤምፒፒቲ የገዛም ብርዱን ያስብ። ከ25 ዲግሪ በታች ፓኔሉ በቀዘቀዘ ቁጥር ቮልቱ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያለ ጭነት የሚሰጡት ቮልት (Voc) 49 ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ 98 ስለሚሆኑ 100 ቮልት ለሚችል ኮንትሮለር የሚስማሙ ይመስላል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ እንኳ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ ባደረበት የኅዳር ጠዋት 105 ደርሰው ኮንትሮለሩን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ሁለቱ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ፣ በትይዩ ቢያያዙ ይህ አይመጣም።

ሽቦም ይሰላ። 10 አምፒር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 ሜትር ርቆ ደርሶ ሲመለስ 1.4 ቮልት ይጥላል፤ ለ12 ቮልት ይህ ከአሥር እጅ አንዱን ማጣት ነው። በባለ 6 ካሬ ሽቦ ኪሳራው ከ0.6 ቮልት አያልፍም።

አቅጣጫው ወደ ደቡብ፣ ዘንበል የሚለው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ጣሪያው ወደ ሰሜን ቢያይም ለዚያ ብሎ ብረት ማቆም ብዙ አያስፈልግም፤ የሚቸግረው ወር ሐምሌ ነው፣ በሐምሌ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ይልቅ የባሕር ዛፉ ጥላ ይታይ። የፓኔሉን አንድ ጥግ የሸፈነ ጥላ ሲሶውን ኃይል ሊወስድ ይችላል። ማሰሪያው ቆርቆሮውን አልፎ ሞራሌው ላይ ይመታ፤ ቆርቆሮ ላይ ብቻ የተመታ ብሎን የደጋውን ነፋስ አይችልም። ከሥሩም አየር እንዲያልፍ 10 ሴንቲ ሜትር ይተው።

ገበያ ላይ የተጻፈውን ዋት ከማመን በፊት መለካት ነው። በደንብ የተሠራ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ 300 ተብሎ ስፋቱ አንድ ካሬ የማይሞላ ከሆነ ጽሑፉ ውሸት ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የተባለ የአሲድ ባትሪ 28 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ 18 ኪሎ ከሆነ ውስጡ እርሳስ ጎድሏል። ሻጮች ደረሰኝ ላይ «ሶላር 1» ብለው ከመጻፍ የፓኔሉን ዋት፣ ቮልትና አምፒር ቢጽፉ፣ የንግድ ቢሮዎችም ይህን ቢያስገድዱ፣ ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር።

ሲገጠም ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ይያያዛል፤ ሲነቀል ፓኔሉ ይቀድማል። ፓኔል የቀደመበት ኮንትሮለር ሥርዓቱ ባለ 12 ይሁን ባለ 24 ቮልት መለየት ያቅተውና ሊበላሽ ይችላል። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ርቆ ይግባ። የቤት ቆጣሪ ሥር የሚገጠመው የኤሲ ብሬከር የዲሲን፣ ማለትም የፓኔልና የባትሪ ኮረንቲን፣ ብልጭታ ማጥፋት ስለማይችል በፊውዙ ቦታ አይተካ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሶላር ተከላና ጥገና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች፣
ደብረ ብርሃን