ሆኪ ያለ በረዶ፦ የገናና ሆኪ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ጎንደር ላይ በረዶ የት ተገኝቶ ነው ሆኪ የምታስተምረው?» መምህራን ማረፊያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሰማሁት ጥያቄ ነው። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል። በረዶማ አለ፤ በክረምት ቆርቆሯችንን ይደበድበው የለ! እኛ የወሰድነው ግን የበረዶ ሆኪን የቡድን አጨዋወት ነው። ሜዳውም፣ ዱላውም፣ ሩሯም የራሳችን ናቸው። የምንጫወተው ገና ነው።

ገና ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አላብራራም። ችግሩ ልጆቻችን ሲጫወቱት ሁሉም ሩሯ ያለችበት ቦታ መከመራቸው ነው። ያ ሁሉ ዱላ አንድ ቦታ ሲወርድ ቅልጥም አይተርፍም። ክበቡ የተቋቋመው ልጆቹ ቦታቸውን ይዘው መጫወት እንዲለምዱ ነው።

በበረዶ ሆኪ አንድ ቡድን ስድስት ተጫዋች ያሰልፋል፤ ሦስት አጥቂ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አንድ በረኛ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ደርድረን ነው የተማርነው። ብዙ የደከምንበት «አንድ ሁለት ሁለት» የሚባለው አሰላለፍ ነው። ተቃራኒ ቡድን ኳሱን ይዞ ከራሱ ሜዳ ሊወጣ ሲል ከፊት ያለው አንድ ተጫዋች ይሄድበታል። የሚሄደው ግን ሊነጥቅ አይደለም። የመሃሉን መንገድ ዘግቶ ባለኳሱን ወደ ዳር እንዲወጣ ያስገድደዋል። ከኋላው ያሉት ሁለቱ ዳር ላይ ይቀበሉታል። የቀሩት ሁለቱ ከበረኛው ፊት አይርቁም። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው ቡድን ኒው ጀርሲ ዴቪልስ በዣክ ሌመር አሠልጣኝነት የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ዋንጫ የሆነውን ስታንሊ ካፕን ሲወስድ መሃል ሜዳ ላይ በሚዘረጋው ወጥመድ ይታወቅ ነበር። አሰልቺ ነው ብለው ያማረሩ ተመልካቾች ብዙ ነበሩ። የእኛም ልጆች «ቲቸር፣ ይሄ ይደብራል» አሉ። ዋንጫውን ስነግራቸው ዝም አሉ።

ቅያሪውንም ወስደናል። በበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ አንዴ ሲገባ 45 ሰከንድ ገደማ ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫውቶ ይወጣል፤ ለቅያሪው ጨዋታው አይቆምም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚሮጥ ልጅ ይሄ ግሩም ዘዴ ነው። አንዳንድ ወላጆች ግን «ልጄ ምን አጥፍቶ ነው ያስወጣኸው?» እያሉ መጥተውብኛል። ወጥቶ ተመልሶ እንደሚገባ ለማስረዳት የወሰደብኝ ጊዜ ልጆቹን ከማሠልጠኑ አይተናነስም።

የዓርብ ስብሰባዎችን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ተሰበሰብን፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ በፈተና ሰሞን ግማሹ ልጅ ቀረ።

የማልዘለው ከጎንደር ወጣ ብላ ወደምትገኘው ጠዳ ያደረግነውን ጉዞ ነው። ለገና በዓል ሰሞን ከጠዳ ልጆች ጋር ልንጫወት ሄድን። ሜዳው ሰፊ ነው፤ በአንድ በኩል ቦይ ያዋስነዋል። የጠዳ ልጆች ጉልበተኞች ናቸው፤ ሩሯን ሲመቷት ታፏጫለች። ከፊት ያሰለፍኳት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። አጠገቤ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቆመው ያያሉ። ሴት ልጅ ገና ስትጫወት ማየታቸው ብቻውን አስገርሟቸዋል። ጥቂት ቆይተው «ይቺ ልጅ ሩሯን ፈርታ ነው እንዴ የማትነካት?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ሥራዋ እሱ ነው፤ ትንሽ ይመልከቷት» አልኳቸው።

አንድ ረጅም ልጅ ሩሯን እየገፋ መጣ። እሷ ዱላዋን መሬት ላይ እንዳስነካች በእሱና በመሃሉ ሜዳ መካከል ገባች። ወደ ቀኝ ሲል ቀድማው አለች። መታጠፍ ሲፈልግም አለች። አንዴም አልሰነዘረችበትም። ልጁ ሳያስበው ወደ ቦዩ ዳር ወጣ። እዚያ ሁለቱ ልጆቻችን ይጠብቁት ነበር። ሩሯን ወስደው ለሦስተኛው አቀበሉ፤ ገባች!

አዛውንቱ ሳቃቸው መጣ። «እንዲህማ ጥጃ ነው የምንመልሰው! ዱላ አታነሳበትም፣ መንገዱን ነው የምትከለክለው» አሉ። ስንት ዓርብ ቆርኪ እየገፋሁ ያስረዳሁትን በአንድ አፍ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ በክበባችን የዚያ ቦታ ስም «ጥጃ መላሽ» ሆኗል፤ ልጆቹ ይሻሙበታል።

ጨዋታውን ጠዳዎች አሸነፉ። ልጅቷ ግን ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ቲቸር፣ ያቺ የገባችው የእኔም ናት አይደል?» አለችኝ። አፌ ተያያዘ። «ያንቺ ናት» አልኳት እንደምንም።

ያልሆነልንም አለ። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የያዝነው የወዳጅነት ጨዋታ በትራንስፖርት ችግር ተሰርዟል። በልምምድ ቅልጥማቸው ያበጠ ልጆችም ነበሩ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ እያነከሰ የሚመጣ ልጅ ይዛ ለቆመች እናት ግን ይህን ተረት ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። የቅልጥም መከላከያ ቢኖረን ተረቱም አያስፈልግም ነበር። የክበባት በጀት ሲደለደል የእኛ ድርሻ ፊሽካ መግዣ ነው የሆነው። ፊሽካው ጥሩ ነው፤ ይሰማል።

«መጀመሪያ ዕቃው ይሟላ» ለሚሉ ባልደረቦቼ የሶቪየቶችን ነገር ላስታውስ። የበረዶ ሆኪ ሊጋቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ከዚያ በፊት የነበራቸው ባንዲ የሚባል፣ በበረዶ ላይ በኳስና በቆልማማ ዱላ የሚካሄድ ጨዋታ ነው፤ የገና የሩቅ ዘመድ በሉት። አናቶሊ ታራሶቭ የሚባለው አሠልጣኛቸው ልጆቹን ከበረዶ ውጭ በደረቅ መሬት እያሠራ፣ አምስቱ ሜዳ ተጫዋቾች እንደ አንድ እንዲያስቡ ያደርግ ነበር። አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ተሳትፋ፣ ካናዳን 7 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እኛ የዓለም ዋንጫ አልጠየቅንም። ቅዳሜ ጠዋት የሜዳውን ግማሽ ነው የጠየቅነው፤ ሌላው ግማሽ ለእግር ኳስ ክበቡ ይበቃዋል።

ለከርሞ የጠዳ ልጆች ወደ እኛ እንዲመጡ ጋብዘናቸዋል፤ እሺ ብለዋል። የሚኒባስ ኪራይና የምሳ ወጪው ለወላጅ መምህር ኅብረት ቀርቧል። ወይራ ያለው ወላጅ ደግሞ ዱላ ቆርጦ ቢልክልን እንቀበላለን፤ እጀታው ለልጅ እጅ እንዲሆን ቀጠን ይበል።