ጎመኑን አትደብቂው

ቤይሩት፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ደሴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለጎረቤቱ፣ ለዕድርተኛው፣ ለክርስትና እናቴ ሰላምታዬን አንቺው አድርሺልኝ፤ ዛሬ ስም እየጠራሁ ለመጻፍ ትዕግሥት የለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የሰፈራችን ልጅ አገኘችኝና «እናትሽ እንዴት ሆኑ? መድኃኒቱ ተስማማቸው?» አለችኝ። የምን መድኃኒት ብዬ እንዳልጠይቃት አፈርኩ። የማውቅ መስዬ «ደህና ናት» አልኩና ታክሲ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ስኳርም ደም ግፊትም እንዳለብሽ የሰማሁት ኋላ ማሙሽን ደውዬ ካፋጠጥኩት በኋላ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ! «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለኝ። እዚህ ሆኜ ከመጨነቅ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ሁለት ወር መጥፋቴን እንደምታነሺብኝ አውቃለሁ። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር፣ የምሠራበትንም ቤት ቀይሬ ነበር። አሁን ሁሉም ተስተካክሏል። አሁን ያለሁበት ቤት ጥሩ ነው፤ የራሴ ክፍል አለኝ፣ በደንብም እበላለሁ።

ትናንት 150 ዶላር ልኬያለሁ፤ ማሙሽ ከባንክ ይቀበልልሽ። 50ው ለሚሚ ሠርግ ነው። የቀረው ላንቺ ለጎመን፣ ለካሮት፣ ለቀይ ሥር፣ ለብርቱካንና ለፓፓያ ይሁን። ለቅቤና ለስኳር አይደለም። ይህን ስትሰሚ ፊትሽ ሲከፋ ይታየኛል። «ልጇ ውጭ አገር ሆና እሷ ጎመን ትበላለች ይሉኛል» ትያለሽ። ይበሉ፣ እማዬ። ዶላሩን የላክሁት ጎመን እንድትበዪበት ነው።

ያን ክረምት አልረሳሁትም። ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከረመ፤ እኛ ጎመን በእንጀራ እየበላን ሳለ የአባዬ ዘመድ ከኩታበር ሳይታሰብ መጡ። ድስቱን ከነክዳኑ አልጋ ሥር ገፋሽው፤ ከጎረቤት ሁለት እንቁላል ተበድረሽ ጠበስሽላቸው። የጎመኑ ሽታ ግን ቤቱን ሞልቶት ነበር። እሳቸው ምንም አላሉም፤ አንቺ ግን እስኪሄዱ ድረስ ቀና ብለሽ አላየሻቸውም። ለመስቀል ቤቱን ስትጠርጊም «ጎመን ምንቸት ውጣ፣ ገንፎ ምንቸት ግባ» ስትዪ፣ እኛ ልጆቹ በሳቅ እንቀበልሽ ነበር እንጂ አንቺ አትስቂም ነበር። በ1977 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደነበርሽ፣ ያን ዓመት እናትሽ የምትቀቅለው ቅጠል ብቻ እንደነበር የነገርሽኝ አንዴ ብቻ ነው። ጎመን ላንቺ ክፉ ቀን ነው። ይገባኛል። አሁን የምለምንሽም ያንን ይዤ ነው።

የምሠራላቸው ማዳም እንዳንቺ ስኳር አለባቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። እዚህ ታቡሌ የሚሉት ሰላጣ አለ። እኛ ወጥ ላይ ለሽታ ጣል የምናደርገውን ፐርስሜሎ እነሱ አራት እስር ሙሉ ይከትፉታል፤ ስንዴው እፍኝ አይሞላም፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ናና፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ይገባበታል። ታጥቦ ጠፈፍ ካላለ ወይም ቢላዋው ከደነዘዘ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ውሃ ያወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ለከብት የሚሰጥ ነገር መስሎኝ ነበር፤ አሁን እጄ ሳላየው ይከትፈዋል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው፣ በትልቁ ሳህን፣ መሐል ጠረጴዛ ላይ። አልጋ ሥር የሚገፋው ሰው የለም። በሳህኑ ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ ድስትሽ ትዝ ብሎኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል፤ ድንች ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ብዙ መስሎኝ አንድ ማታ የወጥ ቤቱን ሚዛን አውጥቼ መዘንኩት። አንድ ካሮት፣ አንድ ቲማቲም፣ አንድ የተላጠ ብርቱካንና ሁለት እፍኝ የተከተፈ ጎመን አስቀመጥኩ፤ መርፌው 400 ላይ ቆመ። ይኸው ነው፣ እማዬ። ከዚህ አይበልጥም።

ጾሙ ስለገባ አሁን ይቀልልሻል። ግን ጾም ነው ብለሽ በሽሮ ብቻ እንዳትውዪ፤ ዘይቱንም ቀንሺው። ጎመኑን በደንብ አጥበሽ ቶሎ አውጪው፣ እስኪያረጅ አታብስዪው፤ ስትበዪ ሎሚ ጨምቂበት። የቀኑ ጨው በሙሉ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት፤ ሽሮውና በርበሬው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ብርቱካኑን ፍሬውን ብዪ እንጂ ተጨምቆ ስኳር ገብቶበት አይሁን። ማሙሽ ከጁስ ቤት ስፕሪስ ይዞልሽ እንዳይመጣ፣ በእኔ ሞት! መድኃኒትሽን ደግሞ ለአንድ ቀንም እንዳታቋርጪ፤ ጎመን በመድኃኒት ቦታ አይገባም።

ብርቱካን ማለት ለእኛ ሆስፒታል መጠየቂያ ነው። እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ያመጣሽልኝን አንዷን ብርቱካን ለሦስታችን አካፍለሽ፣ ልጣጩን አንቺ ስታሸቺው አይቻለሁ። እዚህ በክረምት ብርቱካን በየመንገዱ ነው። በላጥኩ ቁጥር ያ ጣትሽ ይታየኛል፤ አንዳንዴ ሳልበላው አስቀምጠዋለሁ። እባክሽ ጠያቂ እስኪያመጣልሽ አትጠብቂ።

አሁን ስለ ሚሚ። ታላቄን ቀደምኩ ብላ እንደምትሸማቀቅ ነግረውኛል። እንዳትሸማቀቅ፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በጥር ሐረጎን ቁልቁል ሚዜዎቿ እየጨፈሩ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ እኔ እዚህ ሳህን እያጠብኩ እሆናለሁ፤ ሰዓቱን ግን ንገሩኝ፣ ልወቀው። ፀጉሯን ማን ይሠራላታል? እኔ ነበርኩ የምሠራላት። ለማንም አትስጥ ብዬ ልከለክላት ነበር፤ ተውኩት። የሚከብደኝ ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ምጣድሽን የምትጥድልሽ፣ መድኃኒትሽን የምታስታውስሽ እሷ ነበረች። ከጥር በኋላ ካንቺ ጋር የሚቀረው ማሙሽ ነው፣ እሱ ደግሞ እንቁላል እንኳ በቅጡ አይጠብስም። ልመጣ ይገባኝ ነበር። ሚሚዬ፣ ደብዳቤውን የምታነቢላት አንቺ ነሽና ይህን ላንቺ እላለሁ፦ ከመሄድሽ በፊት ወንድምሽን ጎመን መክተፍ አስተምሪው። ከገራዶ የሚመጣውን ካሮትና ጥቅል ጎመን ሰኞ ገበያ በጠዋት እንዲገዛ አሳዪው። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ጓሮ ካገኘሽ ፓፓያ ትከዪ፣ ሲደርስ ለእናታችን ትልኪያለሽ፤ ለራስሽም ብዪ፣ ነገ እርጉዝ ትሆኛለሽ።

እማዬ፣ ያቺ የሰፈራችን ልጅ ለገና ደሴ ትመጣለች፤ በየካቲት ትመለሳለች። ድርቆሽ አትላኪልኝ፣ በርበሬም አለኝ። የጓሮሽን የጎመን ዘር በመሐረብ ጫፍ ቋጥረሽ ስጫት። በረንዳው ላይ ናና ይተከልባቸው የነበሩ ሁለት የማዳም ባዶ ማሰሮዎች አሉ፤ ለምኛቸው ፈቅደውልኛል።

ልጅሽ